ሱሪ ይለፍ ሲሆን፣ ቀሚስ ቅጣት ሲሆን

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 2009 (ኅዳር 28 ቀን 2002 ዓ.ም.) በኢራን የተማሪዎች ቀን ነበር፡፡ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የተካሄደው ምርጫ ተጭበርብሯል በሚል የተነሣው ተቃውሞ ገና አልበረደም፡፡ ማጂድ ታቫኮሊ የተባለ የአሚር ካቢር ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዕለቱ ንግግር አድርጎ ሲወጣ በጸጥታ ኃይሎች እጅ ወደቀ፡፡ ብዙም ሳይቆይ ለመንግሥት ቅርበት ያላቸው የዜና ማሰራጫዎች ፎቶግራፉን አወጡ፡፡ በፎቶግራፉ ላይ ወጣቱ የሴት መጎናጸፊያ ተከናንቦ ይታያል፡፡ «ሴት መስሎ ሊያመልጥ ሲል ተያዘ» የሚል ነበር ዜናው፡፡ ፋርስ የተባለው የዜና ወኪል ወጣቱን እ.ኤ.አ. በ1981 ከአገር ከኮበለሉት ከመጀመሪያው የኢራን ፕሬዚዳንት ከአቦልሐሰን ባኒሳድር ጋር አነጻጸረው፤ እርሳቸውም ሴት መስለው ወጡ ተብሎ ይወራባቸው ነበርና፡፡ የተማሪው ወዳጆች ደግሞ ልብሱን ያለበሱት አሳሪዎቹ ናቸው አሉ፡፡

እውነቱ የትኛውም ይሁን፣ የመንግሥት ዓላማ ግልጽ ነበር፡፡ ይህ ወጣት «ወንድ አይደለም» ለማለት ነው፡፡ ሐሳቡን በሐሳብ መመለስ ሲያቅት ልብሱን መለወጥ ቀላል ሆኖ ተገኘ፡፡

ቀጥሎ የሆነውን ግን ባለ ሥልጣናቱ አልጠበቁትም፡፡ ኢራናውያን ወንዶች፣ በአገር ውስጥም በስደትም ያሉት፣ ጢማቸውን እንዳንዠረገጉ የእናታቸውን፣ የእኅታቸውን ወይም የሚስታቸውን መጎናጸፊያ እየተከናነቡ ፎቶግራፍ ተነሡና በኢንተርኔት ለቀቁት፡፡ «ሁላችንም ማጂድ ነን» አሉ፡፡ ስድቡ ስድብ መሆኑ ቀረ፡፡ ወጣቱ በ2010 መጀመሪያ የስምንት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት፤ እስራቱ እስራት ነበር፤ ቀሚሱ ግን ቅጣት ሳይሆን ቀረ፡፡

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2013፣ በኢራን ኩርዲስታን በምትገኘው በማሪቫን ከተማ ተመሳሳይ ነገር ሆነ፡፡ አንድ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላቸው ወንዶች ቀይ የኩርድ ሴቶች ባህላዊ ቀሚስ ለብሰው በከተማው ጎዳና እንዲዞሩ ወሰነ፤ አንዱም በዚህ ሁኔታ እንዲዞር ተደረገ፡፡ የከተማዪቱ ሴቶች ቀይ ቀሚሳቸውን ለብሰው አደባባይ ወጡ፡፡ የኩርድ ወንዶችም የሴት ቀሚስ እየለበሱ ፎቶግራፋቸውን በፌስቡክ አወጡ፡፡ መልእክታቸው ሴት መሆን ሰውን ማዋረጃ መሣሪያ አይደለም የሚል ነበር፡፡

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፡፡ ያ ዳኛ ወንዱን በቀሚስ ሲቀጣ፣ ቀሚሱን በየቀኑ ለብሰው ስለሚኖሩት ስለ ከተማው እኩሌታ ሰዎች ምን እያለ ነበር? ለአንዱ ለአንድ ቀን ቅጣት የሆነ ነገር፣ ለሌላዋ የዕድሜ ልክ ኑሮዋ ነው፡፡ የማሪቫን ሴቶች ይህን ለመረዳት የሕግ ትምህርት አላስፈለጋቸውም፡፡

አሁን ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው፡፡ በዚያችው አገር ወንድን ቀሚስ ማልበስ ቅጣት ከሆነ፣ ሴት ሱሪ ለብሳ ወንድ መስላ ብትወጣ ሽልማት ይሆን? አይደለም፡፡ ወንጀል ነው፡፡

ከ1979ኙ አብዮት በኋላ የኢራን ሴቶች ወንዶች እግር ኳስ ወደሚጫወቱበት ስታዲየም እንዳይገቡ ለአርባ ዓመት ያህል ተከልክለው ኖረዋል፡፡ የቴህራን ታላቁ ስታዲየም «አዛዲ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ነጻነት» ማለት ነው፡፡ በነጻነት በር ለመግባት አንዳንድ ሴቶች ጠጉራቸውን በቆብ ሸፍነው፣ ደረታቸውን አስረው፣ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው፣ ፊታቸውን የክለባቸውን ቀለም ተቀብተው ይሄዱ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት ሴቶች ጢምና ሰው ሠራሽ ጠጉር አድርገው ከተመልካች መካከል ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን አዳርሷል፡፡

የፊልም ዳይሬክተሩ ጃፋር ፓናሂ ይህን ጉዳይ «ኦፍሳይድ» በተሰኘው ፊልሙ አሳይቶናል፡፡ የገዛ ልጁ ስታዲየም እንዳትገባ መከልከሏ ነበር ለሥራው ያነሣሣው፡፡ ከፊሉን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ2005 ኢራን ከባሕሬን ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጫወተችበት ዕለት ነው፡፡ ፊልሙ በ2006 በበርሊን የብር ድብ ሽልማት አገኘ፤ በአገሩ ግን ታገደ፡፡ ወንድ መስለው ሊገቡ ሲሉ የተያዙ ልጃገረዶች ከስታዲየሙ ግድግዳ በስተጀርባ በብረት አጥር ተከልለው፣ የሕዝቡን ጩኸት እየሰሙ ጨዋታውን ማየት ሳይችሉ ይቆማሉ፡፡ የሚጠብቋቸው ከገጠር የመጡ ምልምል ወታደሮች ናቸው፤ ትእዛዙን ማስፈጸም እንጂ ማስረዳት አይችሉም፡፡ አንዷ ልጅ «የጃፓን ሴቶች እዚሁ ገብተው አይተው የለም ወይ?» ስትል፣ ወታደሩ እነርሱ በስታዲየሙ የሚወርደውን ስድብ ቋንቋውን ስለማያውቁ አይሰሙትም የሚል መልስ ይሰጣታል፡፡ ፈገግ ያሰኛል፡፡ ነገር ግን ምክንያት የሌለው ክልከላ ምክንያት ሲፈልግ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፡፡

ፈገግታው ብዙ አልቆየም፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ሰሃር ኮዳያሪ የተባለች የ29 ዓመት ወጣት፣ የምትደግፈው ኢስቴግላል ከኤምሬቶቹ አል አይን ጋር የሚያደርገውን ጨዋታ ለማየት ወንድ መስላ ወደ አዛዲ ሄደች፡፡ በበሩ ላይ ተያዘች፡፡ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን፣ በጉዳይዋ ፍርድ ቤት ቀርባ እስራት ሊፈረድባት እንደሚችል ሰማች፤ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ በራሷ ላይ እሳት ለኮሰች፡፡ ከሳምንት በኋላ ሞተች፡፡ በክለቧ ቀለም ምክንያት «ሰማያዊዋ ልጅ» ተባለች፡፡ ከሞተች ከአንድ ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2019፣ በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ግፊት ጥቂት ሺህ ሴቶች በአዛዲ ተቀምጠው ኢራን ካምቦዲያን 14 ለ 0 ስታሸንፍ አዩ፡፡ የገቡት በሴትነታቸው ነው፡፡ ያን ቀን ስታዲየሙ አልፈረሰም፤ ሃይማኖትም አልጠፋም፡፡

ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፡፡ ወንድ የሴት ልብስ ሲለብስ «ወረደ» ይባላል፤ ስለዚህ መንግሥት እንደ ቅጣት ይጠቀምበታል፡፡ ሴት የወንድ ልብስ ስትለብስ ያልተፈቀደላትን ደረጃ «ወጣች» ይባላል፤ ስለዚህ መንግሥት እንደ ወንጀል ይቀጣዋል፡፡ ሁለቱም ሕጎች የሚቆሙት በአንድ መሰላል ላይ ነው፡፡ በታሪክም ስንመለከት፣ ወንድ ሴት የሚመስለው ብዙውን ጊዜ ከአሳዳጅ ለማምለጥ ነው፤ ሴት ወንድ የምትመስለው ግን ከተዘጋ ቦታ ለመግባት ነው፡፡ ስታዲየም፣ ትምህርት ቤት፣ ገዳም፣ የጦር ሜዳ፡፡ ቀሚስ መደበቂያ ነው፤ ሱሪ ይለፍ ነው፡፡ በደርግ ዘመን ከቀበሌ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ «ይለፍ» የሚባል ወረቀት ያስፈልግ እንደነበር የሚያስታውሱ አንባብያን ቃሉን በሚገባ ይረዱታል፡፡ ይለፍ ያለበት አገር ሁሉ መንገዱ የሁሉም አይደለም ማለት ነው፡፡

«ይህ የፋርሶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፡፡ በእኛ አገር ሴት ስታዲየም ትገባለች፤ ቀሚስ የሚያለብስ ፍርድ ቤትም የለንም፡፡ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን ዳኛው የተጠቀመበት መሰላል በእኛም ቤት ቆሟል፤ በቋንቋችን ውስጥ፡፡

«ሴታሴት» እና «ወንዳወንድ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንመልከት፡፡ በቅርጻቸው መንትዮች ናቸው፤ በክብደታቸው ግን አይገናኙም፡፡ ሴታሴት የተባለ ወንድ አንገቱን ይደፋል ወይም ጠብ ያነሣል፡፡ ወንዳወንድ የተባለች ሴት ግን እንደ ተናጋሪው ፊት አንድም ተነቅፋለች፣ አንድም ተመስግናለች፡፡ ደፋርን «ወንድ» እንላለን፤ ፈሪን «ሴት» እንላለን፤ «ወንድ ከሆንክ ና ውጣ» እንላለን፤ «ቀሚስ አልለበስኩም» ብለን እንፎክራለን፡፡ በጠላት ወረራ ዘመን የተዋደቁትን እነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን፣ እነ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን ስናመሰግን እንኳ ከአንደበታችን የሚቀድመው «ከወንድ የማያንሱ» የሚለው ነው፡፡ ሴትዮዋ በሴትነቷ የሠራችውን ጀብዱ፣ ለማመስገን ስንል በወንድ ስም እናስመዘግበዋለን፡፡ ለፖለቲከኞቻችንም ይህ መሰላል የሚያስፈልግ ዕቃ ነው፡፡ የክርክር ነጥብ ያለቀበት ሰው ተቃዋሚውን በቃል ቀሚስ ያለብሰዋል፡፡ ይህን የሚያደርገው ተናጋሪ በሚቀጥለው ቀን ስለ ሴቶች እኩልነት በስብሰባ ላይ ንግግር ሲያደርግ ሰምተነዋል፡፡

በሃይማኖት ትውፊታችንም ነገሩ የምናስበውን ያህል ቀላል አይደለም፡፡ ሱሪ የለበሰችን ሴት የሚገሥጽ ሰባኪ ብዙውን ጊዜ ኦሪት ዘዳግም 22፡5ን ይጠቅሳል፡፡ ቤተ ክርስቲያን በስንክሳሯ ከምታስባቸው ቅዱሳት መካከል ግን የወንድ ልብስ ለብሰው የኖሩ አሉ፡፡ የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያ አንዷ ናት፡፡ ነሐሴ 15 ቀን የምትታሰበው ቅድስት እንባ መሪና ሌላዋ ናት፡፡ እንባ መሪና አባቷ ሊመንን ሲነሣ አብራው ለመሄድ ለመነች፤ ጠጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከወንዶች ገዳም ገባች፡፡ አባቷ ከሞተ በኋላ የአንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አረገዘችና «ያ መነኩሴ ነው» ብላ ከሰሰቻት፡፡ እንባ መሪና ራሷን ለማዳን አንድ ቃል ይበቃት ነበር፡፡ አልተናገረችም፡፡ ከገዳም ተባራ ያልወለደችውን ሕፃን በገዳሙ በር ላይ አሳደገች፡፡ መነኮሳቱ እውነቱን ያወቁት ስትሞት፣ ሊገንዟት ልብሷን ሲገልጡ ነው፤ አለቀሱም፡፡

ይህ ገድል ሲነበብ የምእመኑ ልብ በትዕግሥቷ ይነካል፤ ተገቢም ነው፡፡ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ያ ያልተነገረው ቃል ነው፡፡ ያ ቃል ከስም ማጥፋት ያድናት ነበር፤ የገባችበትን በር ግን ይዘጋባታል፡፡ ሁለቱን በሚዛን አስቀምጣ በሩን መረጠች፡፡ ሰው ንጹሕ መሆኑን ከማስረዳት ይልቅ መግባትን ሲመርጥ፣ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር መገመት ይቻላል፡፡

ከቅዱሳት ወደ ገዛ ቤቴ ልመለስ፡፡ የአባቴ እኅት፣ አክስቴ፣ ዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመት አልፏታል፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመምህርነት አገልግላለች፡፡ በ1963 ዓ.ም. የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ለአንድ ጎልማሳ ታጨች፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሕግ የእኛ መንደር ድረስ አልደረሰም፡፡ ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ደብረ ማርቆስ ይማር ነበርና ለበዓል እንደመጣ እርሷንም ይዟት ሊሄድ ቆረጠ፡፡ መንገዱ የሁለት ቀን የእግር ጉዞ ነው፡፡ ልጃገረድ በዚያ መንገድ ብትታይ ወይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ወይ ደግሞ ሌላ ሰው ጠልፎ ይወስዳታል፡፡ ስለዚህ ጠጉሯን ተላጨች፤ የእርሱን ቁምጣና እጀ ጠባብ ለበሰች፤ ኩታ ደረበች፤ ዱላ ያዘች፡፡

አጎቴ ያስተማራትን አካሄድ እስከ ዛሬ በቃሏ ትለዋለች፡፡ «ዱላህን ትከሻህ ላይ አጋድመው፤ እጅህን ስቀልበት፡፡ የመንገዱን ጠርዝ አትያዝ፤ መሐል መሐሉን ሂድ፡፡ ሰው ስታገኝ ቀድመህ ሰላም በል፤ ዓይንህን አትስበር፡፡» ከመንደር ገና ሳይወጡ ነበር «አንተ» ብሎ ይጠራት የጀመረው፤ እንድትለምደው ነው፡፡

«እፈራ ነበር?» ትላለች አክስቴ፤ «መፍራቱንስ ፈርቼ ነበር፡፡ ግን የማልረሳው ሌላ ነው፡፡ ጀርባዬ ባዶ ሆኖ መንገድ የሄድኩት በሕይወቴ ያን ቀን ነው፡፡ እንስራ የለ፣ እንጨት የለ፣ ሕፃን የለ፡፡ መንገድ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ አልኩ፡፡»

በመጀመሪያው ማታ ከአንድ ባላገር ቤት አደሩ፡፡ የቤቱ እመቤት ለእንግዶቹ ውኃ አሙቃ አመጣች፤ እንደ አገሩ ባህል በርከክ ብላ የአጎቴን እግር አጠበች፤ ቀጥላም የአክስቴን፡፡ «እናቴን የምታህል ሴት ናት፡፡ እኔ እንግዳ ሲመጣ እግር የማጥብ ልጅ እግሬን ታጠብኩ፡፡ ተነሽ፣ እኔም እንዳንቺው ነኝ ልላት ፈለግሁ፤ አልተቻለኝም፡፡ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዝም አልኩ፡፡»

ደብረ ማርቆስ እንደደረሱ ቀሚስ ተገዛላት፤ ትምህርት ቤትም በሴትነቷ ተመዘገበች፡፡ ቀሚሱን ስትለብስ ደስ አላት ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ፡፡ «ደስ አለኝ፤ የኔ ነዋ፡፡ ወንድ መሆን መች አማረኝ? መንገዱ ነው እንጂ ያማረኝ» አለችኝ፡፡

ይህን አነጋገሯን ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያለሁ፡፡ ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት ያላገኘሁትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጣልኛለች፡፡

ከአክስቴ ጉዞ በኋላ ሕጉ ተለውጧል፡፡ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠላፊን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ እስራት የሚቀጣ ሲሆን፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባት ግን ክሱ ይቀር ነበር፡፡ «ፈቃድ» የተባለው ነገር በሽማግሌና በእርቅ ስም እንዴት ይገኝ እንደነበር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ፡፡ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ያንን ቀዳዳ ደፍኖ የጠለፋን ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት አደረሰው፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም አለ፡፡ እነዚህ ትልልቅ እርምጃዎች ናቸው፤ የታገሉላቸውን የሕግ ባለሙያ ሴቶችም ልናመሰግን ይገባል፡፡ በወረቀት ላይ ካየነው፣ ከዚያ በኋላ የተወለደች ልጅ ቁምጣና ዱላ አያስፈልጋትም፡፡

ወረቀቱና መንገዱ ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም፡፡ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የቴአትር ክበብ አንድ ተውኔት ያዘጋጅ ነበር፡፡ የሴቷን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ተማሪ ታመመችና አንድ ወንድ ተማሪ ተተካ፡፡ ይህ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ በዘመናዊ ቴአትራችን የመጀመሪያ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው፡፡ ልጁ ቀጭን ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ፣ ሰው ሠራሽ ጠጉር አድርጎ፣ ነጠላ ተከናንቦ ሲታይ ከሩቅ ማንም ሴት ነው ይላል፡፡ አንድ ቀን ልምምዱ አምሽቶ አለቀ፤ ልብስ የሚቀይርበትም ክፍል ተቆልፎ ነበርና እንደለበሰ ወደ ተከራየበት ቤት ሄደ፡፡ ከግቢው በር እስከ ቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፡፡ በሱሪ ለሁለት ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ነው፡፡

በማግስቱ ቢሮዬ መጥቶ የነገረኝ እንዲህ ነው፡፡ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከሱቅ ደጃፍ የተቀመጡ ጎረምሶች ለከፉት፡፡ መልስ ሳይሰጥ ሲያልፍ ሰደቡት፡፡ የታክሲ ረዳት የማይሄድበትን አቅጣጫ እየጠራ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ፡፡ ከመብራት ምሰሶው ራቅ ሲል አንድ ሰው ከኋላው መከተል ጀመረ፤ ሲፈጥን ፈጠነ፤ ሲያዘግም አዘገመ፡፡ በመጨረሻም ክንዱን ያዘው፡፡ ተማሪው ዘወር ብሎ በገዛ ድምፁ «ምን ፈለግህ?» አለ፡፡ ሰውዬው ደንግጦ ለቀቀው፤ ከዚያም ከልቡ «ይቅርታ ወንድሜ፤ ሴት መስለኸኝ ነው» አለው፡፡

«ዶክተር» አለኝ ተማሪው፤ «ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ፡፡ ይቅርታው ለማን ነበር?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፡፡ ሰውዬው ይቅርታ የጠየቀው ክንድ ስለያዘ አይደለም፤ የያዘው ክንድ የወንድ ሆኖ ስለተገኘ ነው፡፡ በእርሱ ዘንድ ጥፋቱ የአድራሻ ስሕተት ነበር፡፡ ደብዳቤው ለትክክለኛዋ ባለቤት ቢደርስ ኖሮ ይቅርታ አይኖርም ነበር፡፡ የማሪቫኑ ዳኛና ይህ የመንገድ ሰው አይተዋወቁም፤ ቋንቋቸው ግን አንድ ነው፡፡

በልጁ ፈቃድ ጉዳዩን በክፍል ውስጥ ለውይይት አቀረብሁት፡፡ ወንዶቹ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎም ተናደዱ፤ «ምን ዓይነት ባለጌ ነው?» አሉ፡፡ ሴቶቹ አልሳቁም፤ አልተናደዱምም፡፡ አንዷ ቆይታ እጇን አወጣችና «እኔ በዚያ መንገድ በየቀኑ ነው የምሄደው፡፡ ለእርሱ እንዲህ የሚያስገርም ታሪክ ሆነ፤ እኔ ግን ቤት ስደርስ የምነግረው ሰው የለኝም፤ ዜና አይደለማ» አለች፡፡ ክፍሉ ጸጥ አለ፡፡ ያን ጸጥታ በመምህርነት ዘመኔ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ አስበልጠዋለሁ፡፡

አንዳንድ አንባቢ እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ወዴት ሊወስደን ነው?» ብሎ ይጠራጠር ይሆናል፡፡ ስለ ጾታ ማንነት በዓለም ላይ ሰፊ ክርክር አለ፤ በእኛም አገር ርእሱ ሲነሣ ብዙዎች ወዲያው «መጤ ባህል» ብለው በሩን ይዘጋሉ፡፡ ያ ክርክር ራሱን የቻለ ነው፤ በዚህች አጭር ጽሑፍ አልጨርሰውም፡፡ ነገር ግን እርሱን በመፍራት ይህኛውን ጥያቄ መቅበር አይገባም፡፡ አክስቴ የጎጃም ልጅ ናት፤ እንባ መሪና በስንክሳር አለች፤ ለከፋም የራሳችን ቃል ነው፤ ከማንም አልተዋስነውም፡፡ እዚህ የተነሡት ሰዎች፣ ከሰሃር እስከ አክስቴ፣ ሌላ ሰው መሆን አልፈለጉም፡፡ የፈለጉት መንገድ ነው፤ ጨዋታ ማየት ነው፤ መማር ነው፤ መጸለይ ነው፡፡ ልብሱን የመረጠላቸው ፍላጎታቸው ሳይሆን በሩ ነው፡፡

ስለ ቋንቋችን ክፉ ክፉውን ተናግሬያለሁና ስለ ደጉ ደግሞ ልናገር፡፡ በአማርኛ ለሁለተኛ ሰው ስንናገር ጾታውን ሳንለይ አንድ ትእዛዝ እንኳ መስጠት አንችልም፤ «ሂድ» ወይም «ሂጂ» ማለት አለብን፡፡ ስለ ሦስተኛ ሰው ስናወራም «ሄደ» ወይም «ሄደች» ነው፡፡ «እኔ» ግን ጾታ የለውም፡፡ ወንዱም «ሄድኩ» ይላል፤ ሴቷም «ሄድኩ» ትላለች፡፡ አክስቴ በዚያ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ስለ ራሷ ስትናገር አንድም ጊዜ መዋሸት አላስፈለጋትም፤ «እኔ ደክሞኛል»፣ «እኔ ልማር እየሄድኩ ነው» ብትል ሁሉም እውነት ነበር፡፡ «አንተ» እና «አንቺ» የሚባለው ልዩነት የሚመጣው ከሌላው ሰው አፍ ነው፡፡ በፍቅር ቋንቋችን ደግሞ ልዩነቱን እያወቅን እናፈርሰዋለን፤ እናት ወንድ ልጇን «አንቺ» ብላ ታቆላምጣለች፤ ሴት ልጇን «አንተ» ትላለች፤ ማንም አይቆጣም፡፡

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን «እርስዎ» ነው፡፡ ሰውን ስናከብር ጾታው ይጠፋል፡፡ «እርስዎ»፣ «እሳቸው»፣ «ይሂዱ»፣ «ሄዱ» ስንል ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይነግረንም፡፡ አባቶቻችንና እናቶቻችን አክብሮት ከጾታ በላይ መሆኑን በሰዋስው ውስጥ ጽፈውት ኖረዋል፤ እኛ ግን እያነበብነው አይደለም፡፡

ከመንግሥትም የምንጠብቀው ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል፤ ድንጋጌው ዜጋን «እርስዎ» ብሎ የመጥራት ያህል ነው፡፡ የሚቀረው ከግቢው በር እስከ ተከራየችበት ቤት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ነው፡፡ መብራት ማብራት፣ አቤቱታዋን የምትሰማ ፖሊስ ማስቀመጥ፣ ለከፋን እንደ ቀልድ የማያይ የሰፈር ሽማግሌ ማፍራት፣ ሐሳብ ሲያልቅበት ተቃዋሚውን በቃል ቀሚስ የማያለብስ ፖለቲከኛ መምረጥ፡፡ ከእነዚህ አንዱም የውጭ ብድር አይጠይቅም፡፡

የአንድ አገር መንገድ የሁሉም መሆኑ የሚታወቀው፣ ማንም ለመግባት ሱሪ መበደር፣ ማንም ለመዋረድ ቀሚስ መልበስ ሳያስፈልገው ሲቀር ነው፡፡ ያን ቀን ሱሪም ሱሪ፣ ቀሚስም ቀሚስ ብቻ ይሆናሉ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡